በስሜ ሥር ያረፈው ጣት

ቀን፦ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጁገል አካባቢ የግንባታ ፈቃድና ክትትል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሐረር

ጉዳዩ፦ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም. በጻፍኩት አቤቱታ በወ/ሪት ናፊያ ሙሐዲን ላይ ያቀረብኩት ክስ ስሕተት መሆኑን ስለማሳወቅ፤ እንዲሁም ጎረቤቴ አቶ ከድር ነስሮ ያለፈቃድ በሠሩት ፎቅ ላይ ያለኝ ተቃውሞ ያልተነሣ መሆኑን ስለማረጋገጥ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች ወ/ሮ ፍሬሕይወት ገብረመድኅን በፈላና በር አካባቢ የቤት ቁጥር 214 ነዋሪ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ አሁን በጡረታ ላይ ያለሁ ነኝ። ይህ ለጽሕፈት ቤትዎ የምጽፈው ሦስተኛ ማመልከቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ስጽፍ እውነቱን ይዣለሁ ብዬ ነበር። ከሁለቱ አንዱ በሰው ላይ ጉዳት ማድረሱን ስላወቅሁ ይህን ሦስተኛውን ለመጻፍ ተገድጃለሁ። እባክዎ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ከመሐል ብቻ ቢነበብ ግንባታውን የፈቀድኩ ሊመስል ይችላል። አልፈቀድኩም።

1. ቤቱን በ1991 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሩቂያ የገዛሁት ልጆቻቸው አዲስ አበባ ሲወስዷቸው ነው። በዚያን ጊዜ ባለቤቴ አቶ አሰፋ ወልደሰማያት የመንግሥት ሾፌር ሆነው በመስክ ሥራ ላይ ስለነበሩ ውሉን የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ የይዞታ ማረጋገጫውም በእኔ ስም ነው። ቤታችንና የአቶ ከድር ቤት አንድ ግንብ ይጋራሉ። ግንቡ በድንጋይና በጭቃ የቆመ አሮጌ ግንብ ነው፤ ጣሪያ ይሸከማል፣ ፎቅ እንዲሸከም ግን አልተሠራም። ባለቤቴ ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ ስለመታቸው ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው አይታዘዝም። እንደ ድሮው መደቡ ላይ ወጥተው መተኛት ስላልቻሉ አልጋቸውን ዝቅ ካለው ወለል ላይ፣ ከዚሁ የጋራ ግንብ ሥር ዘርግተንላቸው ነበር። ይህን የምጠቅሰው የማማርረው ስለ ብርሃንና ስለ ነፋስ ብቻ እንዳይመስል ነው።

2. አቶ ከድር ከሶፊ መጥተው የጎረቤታችንን ቤት ከወራሾች የገዙት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ኤረር በር ጫት ይሸጣሉ፤ አንድ ባጃጅም አላቸው። ክፉ ሰው ናቸው አልልም፤ ነገሩን ያከበደብኝም ክፉ አለመሆናቸው ነው። የእኛ መንገድ ባጃጅ አያስገባም። ስለዚህ ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ባለቤቴን ክንዳቸውን ይዘው እስከ ፈላና በር ያደርሱና በባጃጃቸው ወደ ሆስፒታል ለፊዚዮቴራፒ ይወስዷቸዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ አላጓደሉም። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ይህ ሰው ምን ፈልጎ ነው እያልኩ ነበር። አሰፋ እንዲህ ስናገር ሲሰማኝ «አንቺ ሰው ደኅና ሲያድር እንኳ ትጠረጥሪያለሽ» ይለኛል። በደብዳቤ አንቱ ልለው ሞክሬ ነበር፤ በቤታችን ግን አሰፋ ነውና ከዚህ በኋላ እንደዚያው ብጠራው ይቅርታ ይደረግልኝ።

3. ጥር 18 ቀን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከጋራው ግንብ ላይ አራት ሠራተኞች ቆመው አየሁ። አቶ ከድርን ጠየቅኋቸው። «ቲቸር፣ ጣሪያው አፍስሶብኝ ነው፤ ሁለት እሑድ ብቻ፣ ኢንሻአላህ» አሉኝ። በሁለተኛው እሑድ ፌሮ መጣ። ለሚያፈስ ጣሪያ ፌሮ ምን ያደርጋል ብዬ ስጠይቅ ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያይተው ፌሮውን ወደ ላይ ማቀበል ቀጠሉ። ከዚያ ወዲህ ሥራው የሚሠራው በእሑድና በበዓል፣ ጽሕፈት ቤትዎ ዝግ በሆነበትና እኔም ቤተ ክርስቲያን በምሆንበት ሰዓት ሆነ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በሰማያዊ ሸራ ይሸፈናል። ይህን አጋጣሚ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ሒሳብ አልተማረም።

በሦስተኛው እሑድ፣ የካቲት 2 ቀን፣ ከአሰፋ ትራስ በላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አየሁ። ጫፉን በእርሳስ ምልክት አድርጌ ቀኑን ጻፍኩበት። በየሳምንቱ እለካው ነበር። የካቲት 30 ቀን ስፋቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ደርሶ ነበር። ትናንት ስለካው አሥራ አንድ ሆኗል።

4. የካቲት 3 ቀን ሰኞ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ በቃል አመለከትኩ፤ ተቆጣጣሪዎች ረቡዕ እንደሚመጡ ተነገረኝ። ረቡዕ ሲመጡ ግቢው ተጠርጎ፣ አሸዋው ተነስቶ፣ ሸራው ተጣጥፎ ጠበቃቸው። «ጥገና» ብለው ጽፈው ሄዱ። የካቲት 24 ቀን ሰኞ እንደገና አመለከትኩ፤ ሐሙስ እንመጣለን አሉ። ረቡዕ ከቀትር በኋላ ፌሮውና ሲሚንቶው በሰው ሸክም ሲወጣ በዓይኔ አየሁ፤ ሐሙስ የመጡት ሰዎች ያገኙት ባዶ ግቢ ነው። መጋቢት 8 ቀን ሰኞ የመጀመሪያውን የጽሑፍ አቤቱታ አስገባሁ፤ ለረቡዕ ቀጠሩኝ፤ እንደዚያው ሆነ።

አንድ ሰው ወሬ እንደሚያወጣ ከዚህ በኋላ ለማንም ግልጽ ነው። በራችሁ ላይ ያለውን ጥበቃ ጠረጠርኩት፤ ስገባና ስወጣ ስልኩን ያወጣልና። ሁለቱን ተቆጣጣሪዎችም ጠረጠርኩ። የአቶ ከድርን ባለቤት ዘቢባን ጠረጠርኳት፤ እኛ ምሳ በምንበላበት ሰዓት ልብስ ልታሰጣ ትወጣለችና። ስለዚህ መስኮቱን ዘግቼ በሹክሹክታ መናገር ጀመርኩ። ወደ ጽሕፈት ቤትዎ የምሄድበትን ቀንና የተሰጠኝን ቀጠሮ ከአሰፋ በቀር ለማንም አልነገርኩም። ለእሱም ጆሮው ሥር ተጠግቼ ነበር የምነግረው።

5. መጋቢት 23 ቀን ከጽሕፈት ቤትዎ የጽሑፍ መልስ ደረሰኝ። አቶ ከድር የጣሪያ ጥገናና ግንብ ከፍ የማድረግ ፈቃድ እንዳላቸው፣ ለዚህም እኔ ጥር 9 ቀን የጎረቤት ስምምነት መስጠቴ ተገልጿል። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጥር 9 ቀን ዓርብ ነበር። በዚያን ቀን አቶ ከድርን ያየሁት አሰፋን ሊወስዱ ሲመጡና ሲመልሱት ብቻ ነው።

6. በሁለተኛው ቀን መጥቼ ፋይሉን ለማየት ጠየቅሁ። ያሳየችኝ የመዝገብ ክፍል ሠራተኛዋ ወ/ሪት ናፊያ ሙሐዲን ናት። የስምምነቱ ቅጽ ላይ ሙሉ ስሜ ተጽፏል፤ ከስሜ ሥር በሰማያዊ ቀለም የጣት አሻራ አርፏል፤ ከጀርባው የመታወቂያዬ ቅጂ ተያይዟል።

«እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተማሪ ነበርኩ። በጣት አልፈርምም» አልኳት።

«ቲቸር፣ እኔ ስረከበው አሻራው አርፎበት ነበር» አለችኝ። «ያመጣው አመልካቹ ነው። መታወቂያው ስላለ ተቀበልኩት። ጎረቤት በአካል ይቅረብ የሚል መመሪያ የለንም።»

የመታወቂያዬ ቅጂ ያለው በእኔ ቤትና ቀደም ሲል ለግብር ባስገባሁት ፋይል ውስጥ ብቻ ነው። ከቤቴ ማን ሊያወጣው ይችላል? ስለዚህ ከመሥሪያ ቤት ወጥቷል ብዬ ደመደምኩ። ልጅቱ ስታናግረኝ ዓይኗን ወደ ጠረጴዛው ዝቅ አድርጋ ነበር። እሱንም እንደ ማስረጃ ያዝኩት።

7. ሚያዝያ 6 ቀን ያስገባሁት ሁለተኛው አቤቱታ በእጅዎ አለ። በውስጡ ወ/ሪት ናፊያ በስሜ ሐሰተኛ አሻራ አኑራለች ብያለሁ። ሦስት ማስረጃ አቅርቤ ነበር። አንደኛ፣ ቅጹን የተረከበችው እሷ መሆኗን። ሁለተኛ፣ ኤረር በር አቶ ከድር ጫት ከሚሸጡበት ደጃፍ ቆማ እየሳቀች ስታወራ ማየቴን። ሦስተኛ፣ ሰባተኛ ክፍል ሳስተምራት የጓደኛዋን የቤት ሥራ ገልብጣ መያዟን። ሦስተኛውን ስጽፍ እጄ አላመነታም። አሁን ቅጂውን አውጥቼ ሳነበው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ጥፋት በመንግሥት ደብዳቤ ላይ መጻፌን አየሁ፤ አፈርኩ።

ሚያዝያ 20 ቀን ልጅቱ ከሥራና ከደመወዝ ታግዳ ጉዳይዋ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ መመራቱን ሰማሁ። በዚያን ቀን ደስ አለኝ። ይህንንም አልደብቅም። ማታ ራት ላይ ለአሰፋ ስነግረው ምንም አላለም፤ ደክሞት መስሎኝ ነበር።

8. ግንቦት 19 ቀን ማክሰኞ ኮሚቴው ለማመሳከሪያ አሻራዬን እንድሰጥ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ላከኝ። አሥሩንም ጣቶቼን ሰጥቼ በምሳ ሰዓት ተመለስኩ። አሰፋ በግራ እጁ በማንኪያ እየበላ ነበር። እጄን ስታጠብ ነገርኩት።

«ይመረመራል አሉኝ። የማን ጣት እንደሆነ ከታወቀ ሰውየው በወንጀል ይጠየቃል።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «ያቺ ልጅ ከሥራ ወጥታለች አላልሽኝም?»

«ወጥታለች።»

«እንግዲያው ይመልሷት» አለኝ። «ጣቱ የእኔ ነው።»

መጀመሪያ ሕመሙ ያናገረው መሰለኝ፤ ከታመመ ወዲህ አንዳንድ ጊዜ ነገር ይምታታበታል። እሱ ግን ነገሩን ከመነሻው እስከ መድረሻው ሳይዘባርቅ ነገረኝ። ጥር 9 ቀን ከሆስፒታል ሲመለሱ ባጃጁ ውስጥ አቶ ከድር ቅጹን አውጥተው፣ ጣሪያቸው እንደሚያፈስና ጎረቤት መፈረም እንዳለበት ነግረውት፣ ቲቸርን ብለምናት ትፈርምልኛለች ወይ ብለው ጠየቁት። አትፈርምም አላቸው። ካርታው በማን ስም እንደሆነ ሲጠይቁት በእሷ ስም ነው አለ። ስሜን የጻፉት አቶ ከድር ናቸው። ቀኝ እጁ ስለማይጽፍ በግራ አውራ ጣቱ አተመ። የመታወቂያዬን ቅጂም በማግሥቱ እኔ ገበያ ስወጣ ከአልጋው አጠገብ ካለው መሳቢያ አውጥቶ ሰጣቸው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«እንደማትፈርሚ አውቃለሁ» አለ። «ፍሬ፣ ሰውየው ሁለት ዓመት ሙሉ ክንዴን ይዞ ወስዶ መልሶኛል። አንድ ቀን እንኳ ምን ልሁንልህ ብዬው አላውቅም። አንድ ነገር ለመነኝ።»

«ተቆጣጣሪዎቹስ? እነሱ የሚመጡበትን ቀን ማን ነገረው?»

«እኔ ነኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ። በሰው ፊት እንዳይዋረድ ብዬ ነው።»

ሦስቱንም ጊዜ ያመለከትኩት ሰኞ ነው። ሦስቱም ቀጠሮ ከማክሰኞ በኋላ ነበር። በመካከሉ አሰፋና አቶ ከድር ለብቻቸው የሚሄዱበት አንድ ጠዋት እንዳለ፣ ጥበቃውንና ልብስ የምታሰጣዋን ሴት ስትሰልል የከረመች የሒሳብ አስተማሪ አላየችም።

ልጅቱ ስትታገድ ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅሁት። «በየቀኑ ነገ እነግራታለሁ እላለሁ» አለ። «ስትገቢ ፊትሽን ሳይ ይጠፋኛል።» የቀረውን ምሳ አልበላም። እኔም አልበላሁም።

9. ሦስት ቀን አላናገርኩትም። አጠብኩት፣ አለበስኩት፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ሰጠሁት። ቁጣዬ ስለ ግንቡ ብቻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። መስኮት ዘግቼ ጆሮው ሥር የማንሾካሾከው ነገር ሁሉ በማግሥቱ ወደ ጎረቤት ይሄድ እንደነበር ሳስብ በገዛ ቤቴ እንግዳ የሆንኩ መሰለኝ።

ግንቦት 22 ቀን ዓርብ አቶ ከድር እንደ ወትሮው መጡ። በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው።

«ወላሂ ቲቸር፣ ጋሽ አሰፋ አባወራ ነው፤ እሱ ከፈቀደ ይበቃል ብዬ ነው» አሉ።

«ታዲያ ለምን የእሱን ስም አልጻፉም?»

«ዘቢባ ሦስት ልጅ ይዛ ባንድ ክፍል ናት፤ አራተኛውም በሆዷ ነው። የት ላድርጋቸው?» አሉኝ። ይህ እውነት ነው፤ ልጆቹ ሲያለቅሱ በግንቡ በኩል እሰማለሁ።

«ፎቁ አሰፋ ላይ ቢወርድስ?» አልኳቸው።

«አይወርድም፣ ኢንሻአላህ።»

«እኔም በእግዚአብሔር ፈቃድ አምናለሁ፤ ግንቡን ግን መሐንዲስ ይየው» ብያቸው አሰፋን እኔ ልወስደው ተነሣሁ። ሃያ እርምጃ ያህል እንደሄድን ጉልበቱ ከዳው። እኔ ስልሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ልይዘው አልቻልኩም። ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። አቶ ከድር ከኋላ ይከተሉን ኖሯል። መጥተው በሌላው ክንዱ ገቡ። በባጃጃቸው ሦስታችንም ሆስፒታል ሄድን። ስንመለስ በራችን ላይ «አፉ በሉኝ ቲቸር» አሉ። እኔም ያኔ ይቅርታቸውን አምኜ የፎቁ ሥራ እዚያው ላይ ያበቃል ብዬ ነበር።

ከዚያ በሁለተኛው ቀን፣ እሑድ ግንቦት 24፣ ሠራተኞቹ መጡ። የፎቁ ሶሌታ፣ ማለት የኮንክሪት ወለሉ፣ በዚያን ቀን ተሞላ። አፉ በሉኝ ካሉኝ አርባ ስምንት ሰዓት አልሞላም። ስለዚህ ክቡር ኃላፊ፣ ሰውየው አሰፋን ስለደገፉ አመሰግናቸዋለሁ፤ ስለ ግንባታው የሚናገሩትን ግን አላምንም። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ይቻላል፤ እኔ በየሳምንቱ እየያዝኩት ነው።

10. ግንቦት 27 ቀን ወደ ወ/ሪት ናፊያ ቤት ሄድኩ። እናቷ ናቸው የከፈቱልኝ። ማን መሆኔን ሲያውቁ እጃቸው በሩ ላይ ቀረ፤ ግን አልመለሱኝም። ልጃቸው በጉቦ ታገደች ከተባለ ወዲህ ወደ አፎቻቸው፣ ማለት ወደ ሰፈሩ ሴቶች ማኅበር፣ መሄድ ትተዋል። «ሠርግ ሲሆን እንኳ ጠርተውኝ አልሄድኩም። ምን ብዬ ልቀመጥ?» አሉኝ።

ለናፊያ ሁሉንም ነገርኳት። ኤረር በር ያየኋት ለእናቷ መድኃኒት ገዝታ ታክሲ ስትጠብቅ ነው። የምትስቀውም ድሬዳዋ ካለች እኅቷ ጋር በስልክ እያወራች ነበር። አቶ ከድርን ከመዝገብ ክፍሉ መስኮት ውጭ አይታቸው አታውቅም። ያን ቀን ዓይኗን ዝቅ ያደረገችውም «ታስተምረኝ የነበረችን ሴት ሐሰተኛ ነሽ ብዬ እንዴት ልመልሳት» ብላ ጨንቋት ነው።

ይቅርታ ስጠይቃት አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ለእኔ የነገሩኝን እኔ ድሮም አውቀዋለሁ፣ ቲቸር» አለች። «የከሰሱኝ በጽሑፍ ነው። በጽሑፍ ያንሡልኝ።»

11. ከዚያ ቀን እስከ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ዘግይቻለሁ። ምክንያቱን መናገር አለብኝ። ይህን ብጽፍ ባለቤቴ በሐሰተኛ ሰነድ እንደሚጠየቅ ገብቶኛል። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ያለ ሰው አይቆምም። ወረቀት አወጣለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። ልጅቱ በየቀኑ ቤቷ ተቀምጣ እንደምትጠብቅ እያወቅሁ ለአሰፋ ብዬ አጓተትኩ። እሱ እኔን ፈርቶ ዝም ባለ ጊዜ የተናደድኩትን ያህል፣ እኔም ለእሱ ፈርቼ ያንኑ አደረግሁ።

ቅዳሜ ሰኔ 7 ቀን ከባድ ዝናብ ጣለ። ውኃው በስንጥቁ ገብቶ ግድግዳውን አርሶ ወረደ፤ ግማሽ ባልዲ የሚሞላ ጭቃ አልጋው ላይ ተናደ። አሰፋ በዚያን ሰዓት ወንበር ላይ ነበር። ዘቢባ ጩኸቴን ሰምታ በዚያ ሆዷ ሮጣ መጣች፤ ሁለታችን አልጋውን ጎትተን ከበሩ አጠገብ አደረግነው። ጭቃውን ስንጠርግ አሰፋ ጠራኝና «ወረቀትሽን አምጪ፤ እኔ እናገራለሁ አንቺ ጻፊ» አለኝ። የሰጠው ቃል ከዚህ ጋር ተያይዟል። እኔ ያስተካከልኩት የፊደል ግድፈት እንኳ የለም፤ እንዳለው ጻፍኩት።

12. ስለዚህ የሚከተለው እንዲፈጸምልኝ እጠይቃለሁ።

ሀ) ወ/ሪት ናፊያ ሙሐዲን ወደ ሥራዋ እንድትመለስ፣ የተያዘባት ደመወዝ እንዲለቀቅላት፣ ክሱ ሐሰት እንደነበረም በጽሕፈት ቤትዎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በስሜ ተጽፎ እንዲለጠፍ። እገዳዋ የተለጠፈው እዚያው ሰሌዳ ላይ ስለሆነ የእኔም ስሕተት እዚያው ይነበብ። እናቷ ለአፎቻቸው የሚያሳዩት ማኅተም ያለበት ቅጂ ይሰጣቸው። እኔ በቃሌ ብናገርላቸው የሚያምነኝ ስለሌለ ነው።

ለ) ጥር 9 ቀን ተሰጠ የተባለው የጎረቤት ስምምነት እንዲሰረዝ። ባልና ሚስት አንዱ ለሌላው መፈረም ይችሉ እንደሆነ ሕግ አዋቂ ይናገር። እኔ የማውቀው ስሜ በተጻፈበት ቦታ እኔ አለመጠየቄን ነው። ፈቃዱ ሙሉ በሙሉ ይጸናል ቢባል እንኳ የጣሪያ ጥገናና ግንብ ከፍ ማድረግ ነው የሚለው፤ ዛሬ የቆመው አራት የኮለን ምሰሶ፣ አንድ ሶሌታና ወደ ግቢዬ የሚያይ መስኮት ነው።

ሐ) መሐንዲስ ተልኮ ግንቡን ከሁለቱም ወገን እንዲያይ፣ ሐምሌ ሳይገባ በግንቡ ላይ ያረፈው ክብደት እንዲነሣ። ሸራ ቢኖር ሸራው እንዲገለጥ። ባለፉት ሦስት ጊዜያት የመጡት ሰዎች ከእኔ ወገን ያለውን ስንጥቅ አላዩም፤ ቤቴ እንዲገቡ ብለምናቸውም «ከሳሽ ቤት አንገባም» ብለዋል። ይህን ለምን እንዳሉ አሁንም አልገባኝም፤ እዚህ ላይ ጥርጣሬዬን እንዳነሣ የሚያደርግ ነገር አላገኘሁም። ደግሞም አቶ ከድር ሲያፈርሱ ልጆቻቸው ሜዳ ላይ እንዳይወድቁ በራሳቸው ግንብ ላይ ብቻ ያረፈ ክፍል መሥራት ይቻል እንደሆነ መሐንዲሱ ይንገራቸው። ከጋራው ግንብ ከወረዱ ተቃውሞ የለኝም።

መ) ባለቤቴ ላደረገው የሚጠየቅ ከሆነ ቃሉን ቤቱ መጥታችሁ እንድትቀበሉት። ጥፋቱ ይቅር ይባል ብዬ አልጽፍም፤ እንዲህ ብዬ ከጻፍኩ ናፊያን ዳግመኛ የበደልኳት ይመስለኛል። አሰፋም እንዲህ እንዳልጽፍ ነግሮኛል።

ሠ) ይህ ማመልከቻ ሲገባ የመዝገብ ቁጥር ተጽፎበት አንድ ቅጂ ይሰጠኝ። ያለ ቁጥር የገባ ወረቀት ከሌላ ወረቀት ሥር እንደሚያድር በዚህ ዓመት ተምሬያለሁ።

ረ) የመጨረሻው ጥያቄዬ ምናልባት ከአመልካች ቀርቦ የማያውቅ ይሆናል። መሐንዲሱ የሚመጣበት ቀን ለአቶ ከድር አይነገር። ለእኔም አይነገረኝ። ካወቅሁት በምሳ ሰዓት ለአሰፋ እነግረዋለሁ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ስነግረው ኖሬ አሁን መደበቅ አይሆንልኝም፤ ሞክሬው ሦስት ቀን ብቻ ነው የቆየሁት። አሰፋም ክንዱን ለያዘው ሰው ዝም ማለት አይችልም። ማናችንም ሳናውቅ ይምጡ። ሁልጊዜ ቤት አለን። ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ብቻ አይምጡ፤ እኔ በአንድ ወገን፣ አቶ ከድር በሌላው ወገን አሰፋን ይዘን ሆስፒታል ነን።

ላደረስኩት ጥፋት ከይቅርታ፣ ለሚሰጠኝም ፍትሕ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ፍሬሕይወት ገብረመድኅን
(ፊርማ)

አባሪ፦
— የአቶ አሰፋ ወልደሰማያት ቃል፣ 2 ገጽ
— ከየካቲት 2 እስከ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. የስንጥቁ ልኬት፣ 1 ገጽ
— የይዞታ ማረጋገጫ ቅጂ

ግልባጭ፦
— ለወ/ሪት ናፊያ ሙሐዲን፣ በእጅ፣ በራሴ የማደርሰው
— ለአቶ ከድር ነስሮ፣ ከመጨረሻው ጥያቄ በቀር